ሁለተኛው ፍቺ

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት። ዘጠነኛ «ለ»።
የተሰበረው መስኮት በካርቶን ተደፍኖ ነፋስ እያባበለ።
እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ የሙዝ ጥላ ያሳደገኝ፣
ሁለት ሹራብ ደርቤም የመንዝ ብርድ የሚያንዘፈዝፈኝ፣
ጠመኔ በደነዘዘ ጣቴ ይዤ
ሕመም አስተምራለሁ፤
የእንግሊዝን ሕመም፣ ከመዝገበ ቃላት መዝዤ።

«ስቲንግ» ብዬ ጻፍኩ። «ንብ ስትነድፍ» አልኩ።
«ሳማስ?» አለች ሽታዬ ከኋላ።
«እሱም ስቲንግ።»
«ሳሙና ዓይን ሲገባ?»
«እሱም።»
«ሰው ሲሰድበንስ?»
ገጹን ገለጥኩ። እሱም ስቲንግ፤ ሌላ የለም ሌላ።

ልጆቹ ተያዩ። ቆጥቋጣ መሰላቸው የፈረንጅ አፍ፣
ንቡንም፣ ሳማውንም፣ ስድቡንም በአንድ ቃል የሚያልፍ።
እነሱ ቤት
ሳማ ይለበልባል፤ ንብ ይነድፋል፤ ጥርስ ይጠዘጥዛል፤
ጭስ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ቁስል ያንገበግባል፤ ነገር ይከነክናል፤
ሆድ ደግሞ ይብሳል፤
ማንም ሳይነካው፣ በአንዲት ዝምታ ብቻ፣ ሆድ ይብሳል።

ከዚያ ላቀው ተነሣ። ከጓሳ ጥግ ሁለት ሰዓት በእግሩ የሚመጣ፣
ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቃል ካፉ ያልወጣ።
ያን ቀን እጁን አወጣ።
ሰሌዳው ላይ «ኸርት» ነበር የሚባለው፤
እሱ «ሁርት» ብሎ አነበበው፣
ጮክ አድርጎ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው።

እኔም፣ ምን እንደነካኝ፣
ብርዱ ይሁን፣ የቀረው የዝውውር ደብዳቤ፣ ወይ ክፍል ማሳቅ አምሮኝ፣
«ይሄ እንኳ የጭላዳ እንግሊዝኛ ነው!» አልኩኝ።
ስልሳ አንድ አፍ ሳቀ። ካርቶኑም የሳቀ መሰለኝ።
ላቀው አልሳቀም፤ አላለቀሰም።
ተቀመጠና መጽሐፉን በቀስታ፣ እንደ ሟች ዓይን፣ ከደነው።
ከዚያ ወዲያ ስሙ ጠፋ።
ጭላዳ ሆነ፤ በኳስ ሜዳ፣ በመንገድ፣ በውሃ ወረፋ።

«የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ።
ይበሉ።
እኔ ወጊው ነኝ፤ መቼ ረሳሁ?
ማታ መብራት ሲጠፋ ያችን ቃል ከምላሴ ሥር አገኛለሁ።

ፈተና ደረሰ። «በሚከተሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።»
አምስተኛው «ስማርት» ነው። ሌሎቹ ሁሉ እንዲህ አሉ፦
እህቴ ስማርት ናት፤ ስልኬ ስማርት ነው (ስልክ የሌላቸውም ጭምር)።
ላቀው ግን፣ እስክሪብቶውን ተጭኖ፣ ወረቀቱን እስኪሰረጉድ ድረስ፦
«የመምህሬ ቃል ስማርት ነበር።»

መዝገበ ቃላቱን አወጣሁ።
ፍቺ አንድ፦ ብልህ፣ ጮሌ።
ፍቺ ሁለት፣ በደቃቅ ፊደል፦ የሚቆጠቁጥ፣ የሚለበልብ።
የቱን ነው ልጄ?
ምስጋና ነው ወይስ ሳማ በወረቀት ጠቅልለህ ላክህልኝ?
ያስተማርኩትስ አንደኛውን ነበር፤ ሁለተኛውን ማን ነገረህ?
ሁለት ከሁለት ሰጠሁት።
ቀዩ የራይት ምልክት ግን ጫፉ ሹል ሆኖ ቀረ፣ እንደ እሾህ።

«ሶር» ማለት ቁስል ነው። «ር»ን «ሪ» ካደረጓት «ሶሪ» ይሆናል፣ ይቅርታ።
አንዲት ፊደል ናት መሐላቸው የቆመችው፤
ሳምንቱን ሙሉ ይዣት ዞርኩ፤ ጠዋትም ማታ፣
ካፌ ግን አልወጣችም።

በገበያ ቀን፣ የበግ ተራው ጫፍ ላይ፣
ላቀው ከእናቱ ጎን ባና ዘርግቶ ቆሟል።
«ስንት ነው?»
መሬት እያየ ነገረኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ።
እናቱ ገርሟት መረቀችኝ፤ የአስተማሪ ወግ ይህ ነው አለች፤
እሱ ብሩን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።
የተረፈኝን መልስ ብሎ ዘርግቶልኝ ነበር፤ ትቼው ሄድኩ፣
እሱም ሌላ ስድብ ሆኖበት እንደሁ እንጃ።

አሁን ማታ ማታ እለብሰዋለሁ። ይሞቃል።
አንገቴ ሥር ግን ይኮሰኩሳል።
ለዚህኛው በእንግሊዝኛ ምን ይባላል
ብዬ ፈልጌ አጣሁት።
ላቀውን ብጠይቀው ይሻላል።